ላዩ የጠፋበት ድንጋይ

ከተመለስኩ ወዲህ «አሜሪካ እንዴት ናት?» ላለኝ ሁሉ «ሜዳ ናት» እያልኩ መልሻለሁ። ሰዎቹ ቅር ይላቸዋል። ስለ ፎቁ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡ ብዛት እንድነግራቸው ነው የሚጠብቁት። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ መዶሻ ይዤ ገደል ለገደል የተንከራተትኩ ጂኦሎጂስት ነኝ፤ አዲስ አገር ስገባ መጀመሪያ የማየው ድንጋዩን ነው። ያየኋት አሜሪካ ደግሞ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ብቻ ናት፤ እሷም ድንጋይዋን ከአፈርና ከሣር በታች ደብቃ የምትኖር ከተማ ናት። መሄድ ለማትችሉ፣ ወይም እንደ እኔ ዳግመኛ ቪዛ ለመጠየቅ ወገባችሁ ለማይችል፣ ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። አስተማሪዬን ጋሼ መኩሪያን «ተሳስተዋል» ልላቸው ነው የሄድኩት።

ጋሼ መኩሪያ አስረስ መዶሻ ይዘው አገር ካሰሱት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጂኦሎጂስቶች አንዱ ናቸው። ካርታችንን ፈረንጆች ብቻ በሚሠሩበት ዘመን እሳቸው በቅሎ ጭነው ለብቻቸው ይወጡ ነበር። ለባላገሩ ወርቅ ፈላጊ ይመስሉት ነበር። አንድ ቀን ጠበል አጠገብ ድንጋይ ሲሰብሩ ተይዘው አጥቢያ ዳኛ ፊት ቀረቡ አሉ። ዳኛው «ድንጋይ ሰብረህ ምን ታገኛለህ?» ቢሏቸው፣ «ዕድሜውን» ብለው መለሱ። ዳኛውም ለጤናቸው እንዲጸልዩላቸው ለቄሱ አደራ ብለው ለቀቋቸው።

ስማቸውን ያስጠራው ጥቁሬ ገደል ነው። ከዓባይ ገባሮች በአንዱ ዳር፣ በሁለት የአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች መሀል አንድ ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። ጋሼ «ይህ ጥቁር ድንጋይ ጥንት እሳተ ገሞራ ተፍቶት፣ ፈሶ የረጋ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው አሸዋ የመጣው በኋላ ነው» አሉ። በዚህ ስሌት የጥቁሬ እሳተ ገሞራ የአገራችን አንጋፋ ተባለ። እኛም ተማርነው፣ አስተማርነው። የሙያችን የመጀመሪያ ሕግ ታች ያለው ቀድሞ የተነጠፈ ነው ይላልና። ሌማት ላይ የተከመረ እንጀራም እንዲሁ ነው፤ ታች ያለው ቀድሞ የወጣው ነው። ግን አንድ ሰው የበረደውን ክምር ከመሀል ገልጦ ትኩስ እንጀራ ቢያስገባበትስ? መሀለኛው የሁሉም ታናሽ ይሆናል፤ ከታቹ ያለውንም ከላዩ ያለውንም ያሞቀዋል። ባለፈው በጋ በገመድ ተንጠልጥዬ ገደሉን ስወርድ የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ ግርጌ በሙቀት ተቃጥሎ እንደ ሸክላ ጠጥሮ አገኘሁት። ጥቁሩ ድንጋይ በኋላ ከመሀል ሾልኮ የገባ ነው። አንጋፋ ያልነው ታናሽ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አዲስ የማስተማሪያ መጽሐፍ ጽፌ ጨርሼ ስለነበር ይህም እዚያ ገብቷል። ከመታተሙ በፊት ግን ጋሼ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ይስሙት አልኩ። ምስክር እንዲሆነኝ ጥቁሩና የተቃጠለው አሸዋ ተጣብቀው የሚታዩበት፣ ጡብ የሚያህል ቁራጭ ይዤ ነበር። ላዩ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት ከገደሉ ሳላነሳው በፊት በማይለቅ ቀለም ሥዬበታለሁ፤ ይህ የሙያችን ደንብ ነው። ቀስቱ ከሌለ ድንጋዩ አይረባኝም፤ ምክንያቱም ፈሶ የረጋም ቢሆን ከታቹ ያለውን ያቃጥላል። የተቃጠለው ከጥቁሩ በላይ የነበረ መሆኑን የሚያሳየው ያ ቀስት ብቻ ነው።

ረቡዕ ማታ ቦሌ በር ላይ ፈታሹ ልጅ ድንጋዩን አወጣና አገላበጠው።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ።»

«አሜሪካ ድንጋይ የለም?»

«ሜዳ ነው ይላሉ።»

ልጁ ሳቀና በእጅ ይዞ መግባት እንደማይቻል፣ ሻንጣ ውስጥ መክተት እንዳለብኝ ነገረኝ። የጋሼ እህት ለወንድሟ በላከችው ሽሮና በርበሬ መሀል፣ በቀሚሴ ጠቅልዬ ከተትኩት። ዋሽንግተን ስደርስ ሌላ ፈታሽ ደግሞ አፈር እንደሌለበት አይቶ፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አድርጎ መለሰልኝ። በሁለት አገር ተፈትሾ ያለፈ ድንጋይ ከእንግዲህ ምን ይነካዋል ብዬ ተዝናናሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮሎምበስ ገባሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ጸጥ ያለ ነው፤ መጪና ተቀባይ ተቃቅፎ የሚላቀስበት፣ ታክሲ ነጂ ሻንጣ የሚነጥቅበት የለም። የሚነጠቅ ሻንጣም አልነበረኝም፤ ከዋሽንግተን አብሮኝ አልመጣም። የጋሼ ልጅ ሂሩት ከልጇ ከሊያ ጋር ልትቀበለኝ መጥታ ነበር። ሂሩት ነርስ ናት፤ ሊያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ሂሩት ስታየኝ ፊቴ ልውጥውጥ ብሏል።

«እትዬ ስንዱ፣ ዎሪ አታድርጊ። ነገ ቤት ድረስ ያመጡታል። ኮል አድርገውልኝ ሳይን ማድረግ ብቻ ነው።»

«የማይተካ ነገር አለበት ሂሩትዬ።»

«ፓስፖርት?»

«ድንጋይ» ስል እናትና ልጅ ተያዩ።

ቤታቸው ዌስተርቪል ነው። እዚያ ሰፈር አጥር የሚባል ነገር የለም፤ የእገሌ ግቢ የት አልቆ የእገሌ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ሣር አጫጁ ብቻ ነው። የኛ ሰው ቢሆን በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ይተክልበት ነበር። ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸው መሀሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ናሙና አገላበጡኝ።

«አርጅተሻል» አሉኝ።

«እርስዎም ጋሼ።»

«እኔ ድሮም ድንጋይ ነኝ። ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ሻንጣው ሲመጣ ያዩታል» አልኳቸው። ሂሩት ደብል ሺፍት ሠርታ ስለነበር እራት ፒዛ አዘዘች። እዚያ አገር ክቡን ፒዛ እንደ ዳቦ ቆሎ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆርጡታል። «ጠርዝ የሌለው የደረሰው ሰው ምን ያድርግ?» ብዬ ሳስቃቸው አመሸሁ እንጂ የመጣሁበትን ነገር አላነሳሁም። ምስክሬ ይምጣ ብዬ ነበር።

ዓርብ ሂሩት ከአዳር ሥራ መጥታ ስለተኛች ሊያ እኔንና ጋሼን መሀል ከተማ ወሰደችን። ጋሼ ሊያሳዩኝ የፈለጉት የኦሃዮን ምክር ቤት ሕንፃ ነበር። ስለ ሕንፃው አሠራርም ስለ ፖለቲካውም አንድ ቃል አልተናገሩም። ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄደው ጣታቸውን ምራቃቸው ውስጥ ነክረው ድንጋዩን አራሱት፤ የረጠበ ድንጋይ የውስጡን ያሳያል። የኖራ ድንጋይ ነው። በጥፍራቸው ፈልገው ፈልገው አንድ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር ላይ ሲደርሱ እጄን ይዘው አስነኩኝ። በጥንት ባሕር ውስጥ የኖረ ፍጡር ቅሪት ነው።

«ይሄ ሁሉ ሞቃት ባሕር ነበር» አሉኝ። «በኋላ ከካናዳ በኩል ተራራ የሚያህል በረዶ መጥቶ ላጨውና አፈር አለበሰው። እዚህ አገር ድንጋይ ስፈልግ ሰው ግድግዳ ላይ ነው የማገኘው።»

ሊያ «ግራንፓ፣ ፕሊስ! ሰዎች እያዩን ነው» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ አለች። እውነትም አንድ ዘበኛ እየመጣ ነበር። እኛ አገር ቢሆን «ምን እያጠናችሁ ነው?» ተብለን መታወቂያ እንጠየቅ ነበር ብዬ ሰጋሁ። ዘበኛው ግን ደህና መሆናቸውን ጠየቃቸው። ጋሼ የእሱንም ጣት ይዘው ቀንድ አውጣዋ ላይ አሳረፉት። ሰውዬው ዕለት ዕለት አጠገቧ እየቆመ አይቷት እንደማያውቅ ነገረን፤ ወንበርም አመጣላቸው። ጋሼ ደስ ብሏቸው ስለ ጥቁሬ ገደል ይነግሩት ጀመር፤ በአገራቸው አንጋፋውን እሳተ ገሞራ እንዳገኙ።

ቤት ስንመለስ ሻንጣዬ ደርሷል። ሂሩት ተነስታ፣ ልብሴ በርበሬ በርበሬ እንዳይሸት ብላ ከፍታዋለች። ቀሚሶቼን አጥባ፣ ተኩሳ ሰቅላልኛለች። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ድንጋዬን አስቀምጣዋለች። ያብረቀርቃል።

«እትዬ ስንዱ፣ ለአባዬ ያመጣሽለትን ጊፍት ክሊን አደረግኩልሽ» አለችኝ በኩራት። «የሆነ ልጅ ማርከር ሞነጫጭሮበት ነበር። በሳሙና እምቢ ሲል በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ለቀቀልኝ።»

አዳር ሠርታ፣ እንቅልፏን ትታ የእኔን ልብስ ለተኮሰች ሴት ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ላንቃት ነበር የፈለግሁት።

ጋሼ ድንጋዩን አንስተው መዘኑት። በአውራ ጣታቸው ጥቁሩን፣ ከዚያ የተቃጠለውን ዳሰሱ። ምላሳቸውን አስነኩት። ፊታቸው በራ።

«ጥቁሬ!» አሉ። «ሂሩት፣ ጥቁሬ ገደል ቤትሽ መጣ!» ጣታቸው በድንጋዩ ላይ ዞረ። «ላዩ በየት ነው? ቀስት አላደረግሽበትም?»

ሂሩት ያኔ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም ልጄ። ምስክሩን አጥበሽ ዲዳ አደረግሽው እንጂ» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ታውቂዋለሽ። የተቃጠለው ታቹ ነው አይደል?»

ስልኬ ላይ የገደሉ ፎቶ ሞልቷል። ለማያዩ ሰው ፎቶ ምን ያደርጋል? በቃሌ ብቻ፣ በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ፊት፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ላፈርሰው ነው። አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ደክሞኛል፤ ሌላ ቀን በደንብ እናወራዋለን» አልኳቸው። ድንጋዩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

ቅዳሜን በፍርሃት አሳለፍኩ። ሂሩት ጥፋቷን ለመካስ ገበያ ወሰደችኝና እምቢ ብላትም ወፍራም ካፖርት ገዛችልኝ፤ አዲስ አበባ የምለብስበት ቀን እስካሁን አልመጣም። እሁድ ወደ አማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድን። ዝማሬው በእጅ ጭብጨባ ነው፤ ልጆቹ ኋላ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ከስብከቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ እንግዶችን አስተዋወቁ። እኔን ሲያስነሱ «የአገራችንን አንጋፋ እሳተ ገሞራ ያገኙት የአባታችን የጋሼ መኩሪያ ተማሪ» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔ የቆምኩበት መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼ ቃል እንዲናገሩ ተጋበዙ፤ ተነስተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ አሉና ተቀመጡ። ሰው ትሕትና ነው ብሎ ወደደላቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ራሳቸው «ወንዝ ዳር ውሰጂን» ብለው ሊያን አዘዟት። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ አፈሩን ቆርሶ ጥቁር፣ እንደ ወረቀት የሚገነጠል ድንጋይ ያጋለጠበት ደን አለ። መንገዱ የተጠረገ ነው፤ በየርቀቱ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ቆሻሻ መጣያው ሳይቀር ክዳን አለው። እኛ አገር ወንዝ ዳር መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ እንጂ ወንበር አይገኝም። ሊያ ልትሮጥ ሄደችና ሁለታችን ተቀመጥን። ጋሼ ብዙ አላስጠበቁኝም።

«ዓርብ ዕለት የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም። የተቃጠለው ላዩ ነው?»

«ላዩም ታቹም ነው ጋሼ።»

እንደ ድሮው የቃል ፈተና ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንኳ ተመለሰ።

«ላዩን በእጅሽ ነክተሻል?»

«በገመድ ወርጄ።»

«የጥቁሩ አናት ላይ አረፋ አለ? የአየር ቀዳዳ?»

«የለም።»

«ፍርስራሽ? አፈር?»

«ምንም። ልስልስ ያለ ነው።»

«ከላይኛው አሸዋ የተገነጠለ ፍንካች ጥቁሩ ውስጥ ገብቷል?»

«ገብቷል። በሦስት ቦታ አይቻለሁ።»

ትንፋሻቸው ረጅም ነበር። ከላይ ያለው ድንጋይ ቀድሞ ካልነበረ ፍንካቹ ጥቁሩ ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያው አለቀ» አሉ። «ክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቶ በቅሎዬን ወሰዳት፤ ገመዱ እሷ ላይ ነበር። ላዩን ከታች ሆኜ በመነጽር ነው ያየሁት። ያልነካሁትን ጻፍኩ።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ መሐረባቸውን አውጥተው ወደ ድምፄ ዘረጉልኝ። ሲወጣልኝ፣ ሲያስጨንቀኝ የሰነበተውን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ቀስቱ ጠፍቶ በቃሌ ብቻ እንዴት አመኑኝ?»

«ቀስቱንስ ቢሆን የሣልሽው አንቺ አይደለሽም?» አሉኝ። «ያኔም የማምነው አንቺን ነበር።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልጅ ቀሎኝ ዋልኩ። ሊያ አይስክሬም ጋበዘችን፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ በሉ። ሂሩት ስትሰማ ደንግጣ እኔን እያየች «ደህና ነው ግን?» አለችኝ፤ ደህና ነበሩ። ሁሉም በሰላም አለቀ ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሊያ መኪናውን ልታሞቅ ወጥታለች፣ ሻንጣዬ በር ላይ ነው። ሂሩት ለመንገድ እንቁላል ሳንድዊች ትጠቀልልልኛለች። ጋሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው «ለመሆኑ መጽሐፍሽ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽው?» አሉኝ።

ይህን ሲጠይቁኝ ደስ አለኝ። ብዙ የተጨነቅሁበት፣ እሳቸውን እንዳይነካ አድርጌ ያሽሞነሞንኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ስልኬን አውጥቼ አነበብኩ። «ቀደም ባሉት ዓመታት አንዳንድ ባለሙያዎች የጥቁሬ ገደልን ጥቁር ድንጋይ ፈሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።»

«አንዳንድ ባለሙያዎች እነማን ናቸው?»

«ያው... እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«አብሮኝ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«በቅሎዋ ነበረች» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወንዝ ዳር ሳለን እንዲህ አልሆኑም ነበር። «ስሜ ሌላ ቦታ አለ?»

ስልኬ ላይ ስማቸውን ጽፌ ፈለግሁ። መጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። ስማቸው የሚነሳው በጥቁሬ ብቻ ነበር፤ ከእዚያ በአክብሮት ሳወጣቸው ሙሉ በሙሉ አውጥቻቸዋለሁ። ይህን ሳላስተውል መጽሐፉን ደጋግሜ አርሜዋለሁ።

«የለም ጋሼ» አልኳቸው።

ሂሩት ሳንድዊቹን ይዛ ዞረች። «አባዬ፣ እሷ እኮ ሪስፔክት አድርጋህ ነው። ተሳስቷል ብላ እንዴት ትጻፍ? ተማሪ ሁሉ የሚያነበውን!»

«ተማሪው ያንብበው እንጂ!» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «እዚያ መሄዴን በምን ያውቃል? ጻፊ ስንዱ።»

ሊያ ከውጭ ጥሩምባ ነፋች። ቁጭ አልኩና ያሉኝን በአንድ ጣቴ ጻፍኩ። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

«ጥቁሬ ገደልን መጀመሪያ ያጠናው መኩሪያ አስረስ ነው። ተሳስቷል።»

ጋሼ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።